ጠዋት የማይታወቀው ቁጥር

ተማሪዎቿ «ቲቸር ለምን» ነበር የሚሏት። ስሙን ያወጡላት በክፋት አልነበረም። አንድ ልጅ ሰሌዳው ፊት ቆሞ ትክክለኛውን መልስ ቢጽፍ እንኳ እጇን አጣምራ «ጎሽ፤ ግን ለምን?» ሳትለው ወደ ወንበሩ አትመልሰውም። መልሱን ያገኘውም ያላገኘውም እኩል ላብ በላብ ሆኖ ነው የሚቀመጠው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ ማስተማር ከጀመረች ሃያ ዓመት አልፏታል። ቅጽል ስሟም ከታላቅ ወደ ታናሽ እየተላለፈ፣ መልኳን ገና ያላዩ ልጆች ሳይቀሩ ስሟን ሰምተው ነበር ክፍሏ የሚገቡት።

ነገር የመጣው አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ስለ ዕድል ስሌት እያስተማረች ነበር፤ ሳጥን ውስጥ ቀይና ሰማያዊ ኳሶች አሉ፣ ዓይንን ጨፍኖ አንድ ኳስ ቢወጣ ቀይ የመሆን ዕድሉ ስንት ነው የሚለውን። መስኮቱ አጠገብ የምትቀመጥ አፏ የማያርፍ ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ እርስዎ ሁልጊዜ ለምን ይሉናል። ዛሬ እኔ ልጠይቅዎት?»

«ጠይቂ።»

«ከሳጥን ውስጥ ኳስ ሲያወጣ የሚውል ሰው አይቼ አላውቅም። ይሄንን የምንማረው ለምንድን ነው?»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እሷም ሳቀች። ከዚያ ምላሷ ከሐሳቧ ቀደመና «ፈተና ላይ ስለሚመጣ ነው» አለች። ልጅቷ ራሷን ነቅንቃ ጻፈች። ነገሩ ለልጅቷ እዚያው አለቀ፤ መምህርቷ ግን እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዋ ላይ ተሰንቅሮባት ቤቷ ገባች።

ባሏ ልብስ ሰፊ ነው። ሱቁ ከሚኖሩበት ቤት ሥር ስለሆነ ከሥራ ስትመለስ ወደ ላይ ከመውጣቷ በፊት እዚያ ጎራ ማለት ልማዷ ነው። ያን ቀን የአንድ ኮት እጅጌ እየጠቀመ፣ ከንፈሮቹ መካከል ስፒል ነክሶ ነበር። ከጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ተቀምጣ የሆነውን ነገረችው።

«ሃያ ዓመት ሙሉ ለፈተና ነው ያስተማርኩት ማለት ነው?» አለችው።

ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፉ አውጥቶ መርፌ መሰኪያው ትራስ ላይ ሰካቸው። እንዲህ ሲያደርግ ቁም ነገር ሊናገር መሆኑን ታውቃለች።

«እኔ ልጅ ሆኜ ጌታዬ ቁልፍ መትከል ብቻ ነበር የሚያሠራኝ» አለ። «ሙሉ ኮት ቆርጬ የሰፋሁ ቀን ነው ቁልፉ እዚያ ለምን እንደሚተከል የገባኝ። አንቺም ሒጂና ሙሉውን ኮት ተማሪ።»

ሙሉው ኮት ዩኒቨርሲቲው ቅዳሜና እሑድ የሚያስተምረው የተግባራዊ ሒሳብና ስታቲስቲክስ ማስተርስ ሆነ። ዕድሜዋ አርባ ስድስት ነበር። አብረዋቸው የሚኖሩት አባቷ ጡረታ የወጡ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ናቸው፤ ወሬውን ሲሰሙ ጋዜጣቸውን አጥፈው «ጥሩ ነው፤ ሞተር ቆሞ ሲከርም ነው የሚበላሸው» አሉና ጋዜጣቸውን መልሰው ዘረጉ። ይህ የአባቷ ምርቃት መሆኑን የሚያውቅ ያውቀዋል።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ሦስተኛ ፎቅ ወጥታ ክፍሉን ስትከፍት፣ የሚንጫጩት ወጣቶች ጸጥ አሉ። አንዱ ኮፍያውን አወለቀ። መምህር የመጣች መስሏቸው ነው። ፊት ለፊት ሔዳ ተማሪ ወንበር ላይ ስትቀመጥ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ እውነተኛው መምህር ገባ። ቀጭን፣ መነጽር ያደረገ፣ ላፕቶፑን እንደ ሕፃን ደረቱ ላይ ያቀፈ ወጣት ዶክተር ነው። እሷን ሲያይ በሩ ላይ ደርቆ ቀረ። እሷም ወዲያው ለየችው። ከዓመታት በፊት ኋላ ወንበር ላይ ተጣብቆ የሚቀመጥ፣ ጓደኞቹ «ቀጮ» የሚሉት ልጅ ነበር። አንድ ጊዜ ሰሌዳው ፊት አቁማው በለምን ብዛት እንባ እንባ ብሎት ያውቃል።

«ቲቸር» አለ ድምፁ እንደ ጥንቱ ቀጥኖ። «ሰው ፈልገው ነው?»

«የለም፤ ልማር ነው የመጣሁት፣ ዶክተር።»

«ዶክተር» የሚለው ቃል ከእሷ አፍ ሲወጣ ልጁ ጆሮው ድረስ ቀላ። ያን ቀን ያስተማረው ትምህርት ለጉድ ነበር። ለቀድሞ መምህሩ ጀርባ መስጠት ነውር መስሎት፣ አንገቱን ወደ እሷ አዙሮ እጁን ወደ ሰሌዳው ዘርግቶ ሲጽፍ፣ መስመሩ ሁሉ ቁልቁል እየወረደ ወለሉ ሊደርስ ምንም አልቀረው። ሰዓቱ አልቆ ተማሪዎቹ ሲወጡ ጠብቃ ጠረጴዛው ዘንድ ሔደች።

«ስማኝ ልጄ» አለችው። «ውጭ የፈለግኸውን ሁን። እዚህ ክፍል ውስጥ ግን መምህሩ አንተ ነህ፣ ተማሪዋ እኔ ነኝ። ካዘንክልኝ መና ታስቀረኛለህ።»

«እሺ ቲቸር።»

«ደግሞ ጀርባህን ስጠኝ። ሰሌዳው አይታይም።»

ልጁ ቃሉን ጠበቀ፤ እሷ ከጠበቀችው በላይ ጠበቀ። የመጀመሪያው ፈተና ወረቀት ሲመለስ ውጤቷ ከግማሽ በታች ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ወረቀት ስታርም የኖረች ሴት፣ የራሷን ወረቀት አራት ላይ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ማንንም ሳታይ ወጣች። አውቶቡስ ውስጥ መስኮት ጥግ ይዛ ተቀምጣ ገለጠችው። ያልገባት ቦታ ላይ ቀመሩን በቃሏ ሸምድዳ ገልብጣው ነበር። በኅዳጉ ላይ በቀይ እስክሪብቶ አንዲት ቃል ተጽፋለች፤ «ለምን?»

ከጎኗ የተቀመጡት ሴትዮ ዞር ብለው እስኪያዩዋት ድረስ ሳቀች። ሳቁ ውስጥ ሐፍረትም ነበረበት፤ ከሐፍረቱ ሥር ግን ሌላ ነገር አለ። ያስተማረችው ልጅ አልፈራትም። አላሞገሳት፣ አላዘነላትም፤ እሷ ራሷ የምታደርገውን ነው ያደረገባት። ቤት ስትደርስ ወረቀቱን ለባሏ አሳየችው።

«ወደቅሽ?» አላት።

«ወደቅሁ። ግን እየው እንዴት አድርጎ እንዳረመው» አለችው፤ ፊቷ እንደ በራ ነው።

ከዚያ በኋላ ጥናቱን ተያያዘችው። ቤቱ ውስጥ ጸጥ ያለና ሰፊ ጠረጴዛ ያለበት ቦታ የባሏ ሱቅ ብቻ ስለሆነ፣ ማለዳ እሱ ከመክፈቱ በፊት እታች ወርዳ መቀሱንና ሜትሩን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ ትቀመጣለች። ለልብስ ልክ የሚቆረጠው ቡናማ ወረቀት እንደ ልብ ስለሚገኝ ማትሪክሱንም፣ ቀመሩ ለምን እውነት እንደሆነ የሚያሳየውን ማረጋገጫም እዚያ ላይ ትዘረጋዋለች። አንድ ቀን ባሏ ሳያይ፣ ሙሉ ሳምንት የደከመችበትን ማረጋገጫ የአንድ ደንበኛ ሱሪ ልክ አድርጎ ቆረጠው። ማረጋገጫው ሁለት እግርና አንድ ወገብ ሆኖ ጠበቃት። መጀመሪያ ልትቆጣ ነበር። ግራውን እግር ከቀኙ ጋር ገጥማ ስታነብ ግን ሦስተኛው መስመር ላይ ስሕተት አገኘች።

«እንኳን ቆረጥከው» አለችው። «ድሮም አይሆንም ነበር።»

«ሱሪውስ ይሆናል?» አለ እሱ በሥጋት።

ያስቸገራት ኮድ መጻፍ ነበር። አጠገቧ የምትቀመጠው ወጣት ጣቶቿ ኪቦርዱ ላይ ይበራሉ፤ ማረጋገጫ ሲሆን ግን ጭንቅ ይዟት ነው የምትቀመጠው። ሁለቱ ተስማሙ። ያቺ ኮድ ታስተምራለች፣ ይቺ ለምኑን ታስረዳለች። በዓመቱ መጨረሻ የሁለቱም ውጤት ከክፍሉ ፊተኞቹ ጋር ሆነ።

ሁለተኛው ዓመት የመመረቂያ ጽሑፍ ነው። ቀጮ አማካሪዋ ሆኖ ተመደበ። ርዕሱን ያገኘችው ግን ራሷ፣ ደም ልትለግስ በሔደችበት ደም ባንክ ነው። የደም ባንኩ ላቦራቶሪ ኃላፊ፣ ሁሉም ሲስተር የሚሏት ረዥም ሴት፣ ቢጫ ፈሳሽ የያዙ ከረጢቶች ወደ ማስወገጃው ስትከት አየቻትና ምን እንደሆኑ ጠየቀቻት።

«ፕላትሌት ነው» አለች ሲስተር። «ደም እንዲረጋ የሚያደርገው። የካንሰር ሕመምተኞች፣ ደም የፈሰሳቸው ወላዶች ይፈልጉታል። ግን ዕድሜው ጥቂት ቀን ነው። ብዙ ካዘጋጀን እንዲህ እንጥለዋለን፤ ካሳነስን ደግሞ የሚፈልገው ሰው ይመጣና እናጣለን።»

«ስንት እንደምታዘጋጁ በምን ታውቃላችሁ?»

«በልምድ። በግምት።» ሲስተር ጓንቷን አወለቀች። «የሰው ልግስና በእጄ ስጥል ነው የምውለው ቲቸር። ልማድ ሆኖኝ እንዳይሆን እፈራለሁ።»

በዚያ ወር ፈቃድ አግኝታ የደም ባንኩን ያለፉ ዓመታት መረጃ ከሕመምተኞች ስም ለይተው ሰጧት። ከየዎርዱ የተጠየቀውን፣ የሳምንቱን ቀናት፣ የተኙ ሕመምተኞችን ብዛት፣ ሁሉንም ይዛ ለዕለቱ ስንት ከረጢት እንደሚያስፈልግ የሚተነብይ ሞዴል ሠራች። ውጤቱ ሲወጣ ዓይኗን ማመን አቃታት። ሞዴሉ ከመቶ ቀን ዘጠና ስድስቱን በትክክል ይመታል። ቀጮ ወረቀቱን ሲያይ ከወንበሩ ብድግ አለ። የትምህርት ክፍሉ ሰዎች ኮሪደር ላይ አስቁመው እጇን ጨበጧት። የዲፌንሷ ቀን ተቆረጠ።

ዲፌንሱ ሊደርስ ሲል፣ ጽሑፉ ላይ አንዲት መስመር ለመጨመር ብላ ሞዴሉን በእውነተኛ ቀን ልትሞክረው ወደ ደም ባንኩ ሔደች። ሲስተር ሥራ ገና መጀመሯ ነበር። ሁለቱም ኮምፒውተሩ ፊት ወንበር ሳቡ።

«በይ እንየው» አለች ሲስተር እጇን እያፋተገች። «ዛሬ ስንት ላዘጋጅ?»

ፕሮግራሙ የሚፈልጋቸውን ቁጥሮች አንድ በአንድ ጠየቀ። የሳምንቱ ቀን፤ ሞሉት። ትናንት የወጣው፤ ሞሉት። ከዚያ በዕለቱ ከዎርዶች የመጣው ጠቅላላ ጥያቄ ስንት እንደሆነ ጠየቀ።

«እሱ ስንት ነው ሲስተር?»

«የዛሬው?» ሲስተር ግራ ተጋባች። «የዛሬው እኮ ገና ነው። ማታ ስንዘጋ ነው የሚታወቀው።»

የመምህርቷ እጆች ኪቦርዱ ላይ እንዳሉ ቀሩ። በዓመታት መረጃ ላይ ቁጥሩ ከሌሎቹ ጎን ተደርድሮ ስለሚገኝ መቼ እንደተሞላ አልጠየቀችም ነበር። አሁን ሁሉም ነገር ቁልጭ ብሎ ታያት። ሞዴሏ ጎበዝ አልነበረም። የመልሱን ወረቀት ከዴስክ ሥር ይዞ ሲፈተን የኖረ ተማሪ ነው። እንዲህ ያለውን ልጅ ከክፍሉ ጫፍ ሆና በትከሻው አኳኋን ብቻ ትይዘው ነበር፤ የራሷን ግን ዓመት ሙሉ አቅፋ ከረመች።

«ምን ሆንሽ? ተበላሸ እንዴ?» አለች ሲስተር።

«ኮምፒውተሩ ደህና ነው» አለች። «የተበላሸው የእኔ ነው።»

ከዚያ ተነስታ በቀጥታ ወደ ዩኒቨርሲቲው ሔደች። ቀጮ ቢሮው ውስጥ የዲፌንሷን ማስታወቂያ እያተመ ነበር። ነገሩን ከነምክንያቱ ነገረችው። መነጽሩን አውልቆ ዓይኖቹን አሸ።

«ዲፌንሱን አንሣልኝ» አለችው።

«ቲቸር፣ ከተነሣ አንድ ሴሚስተር ይገፋል። እንደ ጉድለት ጠቅሰነው ማለፍም ይቻላል። ብዙ ሰው እንዲህ ያደርጋል፤ ፈታኞቹም…» ድንገት አቆመ።

«ፈታኞቹም አያዩትም ልትል ነው?»

«ልል ነበር» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ይቅርታ። እኔም አላየሁትም። አማካሪ ነኝ፤ ዘጠና ስድስት ሲያሳዩኝ ለምን ማለት ነበረብኝ።»

«ሁለታችንም ነን። ሰው ደስ ሲለው አይጠይቅም» አለችው። «ያን ቁጥር ይዤ ብመረቅ ሲስተር ታምነኛለች። ታምነኝና ታዘጋጃለች። ከዚያ አንዲት ወላድ ትመጣለች።»

ቀጮ ማስታወቂያውን ከማተሚያው ላይ አንሥቶ ለሁለት ቀደደው። ያን ጊዜ፣ ተስፋ ቆርጣ በቆመችበት ቦታ፣ ልጁ ሳያመነታ ሲቀድ አየችና ደረቷ ሞላ። የራሷን ውርደት ረስታ በእሱ ኮራች።

እንደገና መጀመር ከመጀመር ይከብዳል። ማለዳ ማለዳ ወደ ሱቁ መውረዱ ቀጠለ። ያን የማታ ቁጥር አውጥታ ስትጥለው ሞዴሉ ክንፉ እንደተቆረጠ ዶሮ ሆነ። አንዳንድ ቀን ከሲስተር ግምትም ያንስ ነበር። ጠዋት ላይ በእርግጥ የሚታወቀው ምንድን ነው ብላ ዎርድ ለዎርድ ዞረች። ቀጠሮ የተያዘለት ቀዶ ሕክምና ይታወቃል። የካንሰር መድኃኒት የጀመሩ ሕመምተኞች ፕላትሌታቸው መቼ ገደማ እንደሚወርድ ሐኪሞቹ ይገምታሉ። እነዚህን አስገባች። ቁጥሩ ቀስ በቀስ ማንሠራራት ጀመረ። ከዚያ ሲስተር በየጠዋቱ ትንበያውን ከራሷ ግምት ጎን እየጻፈች ወራት ተፈተነ። ወራቱ ሲያልቁ ተቆጠረ፤ በትንበያው ቢሠሩ ኖሮ ከሚጣለው ከረጢት አንድ ሦስተኛው ይተርፍ ነበር፣ ያጡባቸው ቀናትም ይቀንሱ ነበር። ዘጠና ስድስት አይደለም። ግን ጠዋት ላይ እውነት ነው።

በዲፌንሷ ቀን አዳራሹ ሞላ። አንድም ሰው ሳትጠራ ነው፤ የድሮ ተማሪዎቿ ወሬውን ሰምተው መጡ። ባሏ ሱቁን ዘግቶ ሲሮጥ ሜትሩን ከአንገቱ ማውለቅ ረስቶት፣ ከኋላ ወንበር ላይ እንደ ከረባት አንጠልጥሎት ተቀምጧል። አባቷ አማቻቸው የሰፋላቸውን ግራጫ ሱፍ ለብሰው፣ መሪ እንደጨበጡ ሁሉ ሁለት እጃቸውን ከዘራቸው ላይ አድርገው ነበር።

የውጭ ፈታኙ ጥያቄያቸው ሰው እንደሚጥል የሚነገርላቸው ሽማግሌ ፕሮፌሰር ናቸው። ገጾቹን ወደ ኋላ ገለጡ።

«እዚህ ጋ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ስለ ወደቀው ሞዴል ጽፈዋል» አሉ። «ማንም አልጠየቀዎትም። ለምን አስገቡት?»

«ካላስገባሁት የሚቀጥለው ሰው እዚያው ጉድጓድ ይገባል» አለች። «ጉድጓዱ ደግሞ ከሩቅ ሲያዩት የተነጠፈ መንገድ ነው የሚመስለው።»

ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን አስተካከሉ። «መልካም። የአሁኑስ ሞዴል ይሳሳታል?»

«ይሳሳታል።»

«ታዲያ ደም ባንኩ ለምን ያምነዋል?»

ከኋላ አንድ የድሮ ተማሪዋ ሳቁን ሲያፍን ተሰማ። እሷ አልቸኮለችም።

«ሁለት ዓይነት ስሕተት አለ» አለች። «አንዱ አብዝቶ ማዘጋጀት ነው፤ ከረጢት ይጣላል፤ ያሳዝናል። ሌላው ማሳነስ ነው፤ እዚያ ሰው ይጎዳል። ሁለቱ እኩል ስላልሆኑ ሞዴሉም እኩል እንዳያያቸው አድርጌ ነው የሠራሁት። መሳሳቱ ካልቀረ ሰው ወደማይሞትበት በኩል ያዘነብላል። ምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችልም በየቀኑ ከቁጥሩ ጋር አብሮ ይናገራል። ሲስተር የምታምነው ቁጥሩን ብቻ አይደለም፤ ቁጥሩ ስለራሱ የሚናገረውንም ነው።»

ፕሮፌሰሩ እስክሪብቶአቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩና ሌሎች ሁለት ጥያቄዎች ጠየቁ፤ ሁለቱንም መለሰች። ከዚያ ሁሉም ውጡ ተባለ። ኮሪደሩ ላይ ባሏ የቀሚሷን አንገትጌ ደጋግሞ አስተካከለላት። በሩ ሲከፈት ውጤቱን እንዲያነብ የተሰጠው ቀጮ ነበር። «እጅግ በጣም ጥሩ» የሚለው ላይ እስኪደርስ በደህና አነበበ። «ቲቸር» ብሎ የእሷን ስም ሊያስከትል ሲል ግን ድምፁ ከዳው፤ ወረቀቱን ለፕሮፌሰሩ ሰጥቶ ፊቱን ወደ ሰሌዳው አዞረ። እሷ አላለቀሰችም። ቀና ብላ ቆማ አዳራሹን በሙሉ አየችው፤ አባቷን፣ ባሏን፣ ሲስተርን፣ የልጆቿን ያህል የምታውቃቸውን ፊቶች። እንዲህ ረዥም ሆና ቆማ እንደማታውቅ ተሰማት።

በማግሥቱ ወደ ትምህርት ቤቷ ስትሔድ በፀጉር አስተካካዩ ደጃፍ ማለፍ ነበረባት። አባቷ ነጭ ጨርቅ አንገታቸው ላይ ታስሮ፣ ግማሽ ፂማቸው ተላጭቶ፣ ፀጉር አስተካካዩን ምላጩን እንደያዘ አስቁመውት ያስረዱታል።

«ነገሩ አውቶቡስ ነው» ይላሉ። «ጠዋት ፌርማታው ላይ ስንት ሰው እንደሚቆም አታውቅም። አውቶቡስ ብታበዛ ባዶውን ይሔዳል፣ ብታሳንስ ሰው ይቀራል። ልጄ ያለፈውን አይታ፣ ዛሬ ይህን ያህል አሰማሩ ትላቸዋለች።»

«ካልሆነስ አባባ?»

«ካልሆነማ ባዶ ቢሔድ ይሻላል ሰው ከሚቀር። ፕሮፌሰሩን ዝም ያሰኘችው በዚህ ነው። ሰውዬው ከዚያ ወዲያ ቃል አልተናገረም።»

ፕሮፌሰሩ ከዚያ በኋላ ሁለት ጥያቄ መጠየቃቸውን ልታርም አንድ እግሯን ወደ ደጃፉ አነሣች። አባቷ ግን ወደ ሁለተኛው ፌርማታ አልፈው ነበር፤ ፀጉር አስተካካዩም ምላጩን አስቀምጦ ወንበር ስቧል። ተወችውና መንገዷን ቀጠለች። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ደውል ሲደወል እየሰማች፣ በማስተማር ዘመኗ ለመጀመሪያ ጊዜ ዘግይታ፣ ሳትቸኩል ሔደች።